እርሳስ ያቀለጥንበት በጋ

ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከካምፕ፣ ገዳሪፍ

ለወንድሜ ለሲሳይ፤

እንዴት ከረምህ? የሾዋክ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሐይቅ ዳር የምታድር ከሆነ ደረትህን ሸፍን፤ የልጅነት ሳልህን አልረሳሁትም። እኔና ኣሪያም ደህና ነን። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ እዚህ ሰው ሁሉ ወረቀትና እስክርቢቶ ፈላጊ ሆኗል። ቢመለስም እኔን አይመለከተኝም፤ ስልኬን ለገና ሸጬዋለሁ። ያንተንም ወታደሮቹ ኬላ ላይ እንደወሰዱብህ ተኸስተ ነገረኝ። እንግዲህ እንደ አባባ ዘመን መጻጻፍ ነው። ተኸስተ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ሽንኩርት በቦክሲ መኪናው ጭኖ ካንተ ወደኛ ስለሚመላለስ ደብዳቤ አይጠፋበትም፤ ዘመዴ ባይሆንም እንደ ዘመድ ነው።

«ትችያለሽ ወይ?» ብለሃል። እችላለሁ። የላክህልኝን የውሸት ዓሣ በምላጭ ፈታሁት። አትቆጣ፤ የሰው ሹሩባ እንዴት እንደተሠራ የሚታወቀው ሲፈታ ነው። ውስጡ መንጠቆ ነው። መንጠቆው አንገት ላይ ሽምብራ የምታህል እርሳስ ፈስሳበታለች፤ ከእርሷ ሥር ጸጉር ታስሯል። ጸጉሩ ውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ አገኘሁ ብሎ ይውጠዋል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ከውጭ አገር የመጣ ነው ብለህ አክብረኸዋል፤ ክሩ ግን የተጠመጠመው አራት ዙር ብቻ ነው፤ ማሰሪያው ሲላጥ ጸጉሩ ይረግፋል። እኔ ሁመራ ላይ አሥር ዓመት ጸጉር ስሠራ አንዲት ሴት «ተፈታብኝ» ብላ አልተመለሰችብኝም።

የፍየል ጭራ ከሥጋ ሻጮቹ፣ የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ከጎረቤት አገኛለሁ። ከገበያ ለቃቅሜ ባገኘሁት መንጠቆና እርሳስ ለሙከራ ስድስት ሠርቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለሚቀጥለው አንተ መንጠቆና እርሳስ፣ እንዲሁም ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ላክልኝ።

ኣሪያም አራት ዓመቷን ልትይዝ ነው። አሁን አሁን አባቷን ትጠይቀኛለች። ሙኡዝ እኛን አሻግሮ እናቱን ሊያመጣ ወንዙን ከተመለሰ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። «እናቱን ሊያመጣ ሄዷል» እላታለሁ፤ ውሸት አልነገርኋትም።

እህትህ ተናኘወርቅ


የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሾዋክ፣ ግድቡ ዳር

እታለም፤

ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ቢሸትሽ ይቅርታ፤ እጄን ብታጠብም አይለቅም።

ስድስቱም ደርሰውኛል። ዓምሙ ኢድሪስ ማለት ባለ ጀልባው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር አይጥማቸውም። አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙት፣ ጸጉሩን ጎተቱት፣ በጥርሳቸው ነከሱት። «ዳ ሚን ዌን?» አሉኝ፣ ከየት መጣ ማለታቸው ነው። «ከእህቴ እጅ» አልሁ። አላመኑኝም። በማግስቱ ይዘውት ወረዱ።

ይህ ሐይቅ ከመምጣቱ በፊት እዚህ የግራር ጫካ ነበር አሉ። ውኃው ከነዛፉ ስለዋጠው መረብ ስትጥይ ቅርንጫፍ ይዞ ይበጣጥሰዋል። ለዚህ ነው በክር የሚያጠምዱት። ደግሞ ካስ የሚሉት ዓሣ አለ፣ ጥርሱ እንደ ውሻ ነው፤ የገበያውን ማባበያ በሁለት ንክሻ መላጣ ያደርገዋል። ያንቺን ግን ስንት ዓሣ እንደነከሰው ታውቂያለሽ? ዘጠኝ! ዘጠኝ ዓሣ አውጥተንበት ከላባው አንዲት ብቻ ጎደለች። የሣልሽለትን ዓይን ውኃ ውስጥ ባየሽልኝ! ሽማግሌው «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይኼ እኮ ያያል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባው ላይ ነኝ። እስካሁን ዳር ላይ ዓሣ ስቀድ ነበር የምውለው። የጀልባ ሰው ከሆንሁ የዓምሙ ኢድሪስ ሰው ነኝ ማለት ነው፤ ከሻ፣ ማለት የስደተኛ አፈሳ፣ ሲመጣ ፖሊሶቹ የእሳቸውን ሰው አይነኩም። ብቻ ማባበያው እንዳይቋረጥ አሉ።

እርሳሱን ከአንድ ጋራዥ አግኝቻለሁ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ ነው የሚያወጡት። ሰውዬው ወሬኛ ነው፣ ለሁሉም ነገር ምክር አለው። ግማሽ ጆንያ ልኬልሻለሁ፤ ሽማግሌው ለየማባበያው የሚከፍሉትንም በተኸስተ እልክልሻለሁ። ሃያ አራት አድርሺልኝ።

ታናሽሽ ሲሳይ


መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከካምፕ

ሲሳይዬ፤

ጀልባ ላይ መሆንህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ዋና የማትችል ልጅ! ዳሩን አትልቀቅ።

እንዴት እንደምሠራው ልንገርህ። ከኩይሳ አፈር ጭቃ አቡክቼ መንጠቆውን እከትበታለሁ፣ ሲደርቅ ቀዳዳውን አበጃለሁ። እርሳሱን በቲማቲም ሰልሳ ቆርቆሮ ከሰል ላይ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ ላዩ ላይ ቆሻሻ ያወጣል፣ ቢጫ አመድ ነገር፤ ያንን በማንኪያ ስገፍፈው ከሥሩ እንደ መስታወት ያበራል። ወደ ቀዳዳው አፈስሰዋለሁ። ጭቃውን ስሰብረው ትንሽ ራስ ይወጣል። ከዚያ ነው የኔ ሥራ የሚጀምረው፦ ጸጉሩን በሦስት መደብ እከፍላለሁ፣ እያንዳንዱን መደብ ለብቻው አሥራለሁ፣ በላዩ አሥራ ሁለት ዙር እጠመጥማለሁ፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ጥፍር ቀለሙን ሦስቴ እቀባዋለሁ። ዓይኑን በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው የምሥለው። መጀመሪያ ነጭ፣ ሲደርቅ ጥቁር።

ውጭ እሠራ ነበር። በወሩ መጀመሪያ በነፋስ ከማዶ ያለው ሰፈር ተቃጥሎ አሥራ ሰባት ቱኩል ጎጆ አመድ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ውጭ እሳት ማንደድ ተከለከለ። አሁን ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ ነው። ኣሪያም አጠገቤ ትቀመጣለች። የሚንጠባጠበውን እየለቀመች በኩባያ ታጠራቅማለች፣ «ሽምብራዬ» ትለዋለች። አፏ ውስጥ ስታደርገው ነጥቃታለሁ፣ ዞር ስል መልሳ ታደርገዋለች። «ይጣፍጣል» አለችኝ እኮ! ይቺን ሕፃን ምን ይሏታል።

ልንገርህ፣ ሃያ አራቱን ጆንያ ላይ ደርድሬ ደጋግሜ ቆጠርኋቸው። ወንዙን ከተሻገርሁ ወዲህ እጄ የሠራው ነገር ሁሉ ለዕለት ነበር፦ እንጨት፣ ውኃ፣ ሰልፍ። ይኼ ግን የኔ ነው። አንድ ሰው ሩቅ ቦታ ይዞ «ማን ሠራው?» የሚለው ነገር ነው።

ኣሪያም ደህና ናት። ሆዷን ትንሽ ነክቷታል፤ የካምፑ ውኃ ነው።

ተናኘ


ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሾዋክ

እታለም፤

ተኸስተ ነግሮሽ ከሆነ የነገረሽ እውነት ነው፤ ግን እኔ ደህና ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሻ መጣ። ገበያውን በሁለት በኩል ዘግተው ሐበሻ የተባለውን ሁሉ ለቀሙ። ወረቀት ያለውም የሌለውም አንድ ሆነ። ሶፎኒያስን ታስታውሺዋለሽ? ሰሊጥ አጨዳ አብረን የሠራነው፣ ያ የቆላ ድባው ልጅ። አጠገቤ ቆሞ ፉል እየበላ ነበር። እጁን ይዘው ወደ መኪናው ሲጎትቱት ዳቦው በእጁ ነው። እኔንም ያዙኝ። ዓምሙ ኢድሪስ በዚያ እርጅናቸው ሮጠው መጡ፣ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ የለም። «ይኼ የኔ ነው፣ ጀልባዬ ላይ ነው» አሉ። ወታደሩ አያቸው፣ ለቀቀኝ። ሶፎኒያስን «ይኼም የኔ ነው» እንዲሉልኝ በዓይኔ ለመንኋቸው። አላሉም። ወዴት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን በነጋታው ያሉኝ «እህትህ ሠላሳ ትልካለች አይደል?» ነው። እንዳስጨንቅሽ አይደለም የምጽፈው። ሠላሳ ከቻልሽ ሠላሳ።

ደግሞ ስታቀልጪ በሩን ክፈቺው፤ ከተቻለም ከቤት ራቅ ብለሽ። ጭሱ ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም።

ስለ ኣሪያም ሕመም ሁለት ቃል ብቻ ነው የጻፍሽልኝ። ሆዷ ተሻላት? ብስኩት ልኬላታለሁ፣ አጎትሽ ነው በያት።

ሲሳይ


ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከካምፕ

ወንድሜ ሲሳይ፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ዘግይቶ ቢሆንም ምኞቱ ያው ነው። አንተን ከዚያ መኪና ያስቀረህ አምላክ የሶፎኒያስንም እናት ያስባት።

ሠላሳ አልደረሰልኝም፤ አሥራ አንድ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ለሽማግሌውም ይቅርታ ጠይቅልኝ። ምክንያቱ፣ የበዓል ሰሞን እጅ አይፈታም።

ዓይኔ ደህና ነው፣ አታስብ።

ብስኩቱ ደርሷል። ኣሪያም ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ እንደ ድሮው አታስቸግረኝም። ዝም ብላ መቀመጥ ለምዳለች። ጎረቤቴ መብርሂት ሦስት ልጆቿን እያመጣች አጠገቧ ታስቀምጣቸዋለች፤ እነሱ ይጫወታሉ፣ እሷ ታያቸዋለች።

እርሳሱ እያለቀ ነው። መላክ ካለብህ ላክ።

ተናኘ


ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሾዋክ

እታለም፤

እንዳትቀየሚኝ። ከአሥራ አንዱ በአራቱ ላይ ዓይኑ ጠማማ ነው፣ በሁለቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልተሣለም። ዓምሙ ኢድሪስ ምንም አላሉም፤ ጎን ለጎን አድርገው ከድሮው ጋር አስተያዩትና ወደኔ ገፉት። እኔን የገረመኝ አንቺ ነሽ። ዓይን ሳትሥዪ የምትልኪ ሰው አይደለሽም። አሞሻል? ከሆነ ንገሪኝ። እኔ ልጅ አይደለሁም።

እዚህ ሰዉ ስለ ስንጃ ነው የሚያወራው። ጦርነቱ ወደዚያ ሊደርስ ነው ይላሉ። ከደረሰ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ነው የሚፈልሰው፣ መንገዱም ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት የቻልሽውን ያህል ላኪልኝ። እርሳሱን አሁንም ከዚያው ጋራዥ ገዝቻለሁ፤ ከተኸስተ ተቀበይ።

አንድ ነገር ልጽፍልሽ ነበር። ተኸስተ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፤ በሚቀጥለው።

ሲሳይ


ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከካምፕ

ሲሳይ፤

በዚህ ጉዞ የምልክልህ ማባበያ የለኝም።

ገዳሪፍ ሄጄ ነበር፤ ተመልሻለሁ። ከተማው ከስንጃ በመጣ ሰው ተሞልቷል፣ ሰው መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። አንተ እንዳትመጣ፤ ኬላው በዝቷል፣ ሐበሻ እያወረዱ ነው።

የላክኸው እርሳስ በር ላይ እንዳለ ነው።

«አሞሻል?» ብለሃል። እጽፍልሃለሁ።

ተናኘወርቅ


ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሾዋክ

እታለም፤

ተኸስተ ደብዳቤሽን ከመስጠቱ በፊት ሁለት እጄን ያዘና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። ለሶፎኒያስ መሰለኝ። «ተገኘ እንዴ?» አልሁት። ተኸስተ ደነገጠ፣ «አልጻፈችልህም?» አለኝ። ከዚያ እዚያው ሽንኩርቱ መሐል ተቀምጦ ነገረኝ። ገዳሪፍ ያደረሳችሁ እሱ ነው፤ በመኪናው ውስጥ ስትንቀጠቀጥ አይቷታል።

ደብዳቤሽን ከፈትሁ። አንድም ቦታ የኣሪያም ስም የለም።

ያልጻፍሁልሽን አሁን ልጽፍልሽ ነው። አንብበሽ ቅደጂው፣ ወይም አትቅደጂው።

የመጀመሪያውን እርሳስ የገዛሁ ቀን ነው። የጋራዡ ሰውዬ «ለምንድን ነው?» ሲለኝ ነገርሁት። እጁን ጠርጎ ወደኔ መጣ። «ያ ዞል፣ የምታቀልጠው እህትህ ልጅ አላት?» አለኝ። «አንዲት ትንሽ» አልሁት። «እንግዲያውስ ንገራት» አለኝ፣ «ይኼ የባትሪ እርሳስ ጭሱም አመዱም ሕፃን ይበላል። የወንድሜ ልጅ ጋራዣችን ውስጥ ነው ያደገው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ስሙን ስንጠራው አይዞርም። ከቤት ይራቅ፣ ልጅ አይንካው» አለኝ። ደግሞ ሁለተኛ ስሄድ «ነገርሃት?» አለኝ። «አዎ» አልሁት።

እታለም፣ አልነገርሁሽም። መጀመሪያ ወሬ መሰለኝ። በኋላ ግን ወሬ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው የደበቅሁሽ። ብነግርሽ እንደምታቆሚ አውቃለሁ፤ ካቆምሽ ከጀልባው እንደምወርድ አውቃለሁ፤ ከወረድሁ ከሻ አለ። ከሶፎኒያስ በኋላ ደግሞ ፈራሁ። «ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም» ብዬ የጻፍሁልሽ ያን ጊዜ ነው። ለዓይንሽ! ያንን ስጽፍ ነገርኋት ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እርሳሱን ግን ከዚያ በኋላም ላክሁልሽ።

ከጀልባው ወርጃለሁ። ዓምሙ ኢድሪስ አላባረሩኝም፤ ምን ሆንህ ሲሉኝ ክሩን አስረክቤያቸው ወጣሁ። ለሸንኮራው ሥራ ወደ ኒው ሀልፋ የሚሄዱ ልጆች አሉ፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እዚሁ ነኝ፣ ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ቢይዙኝም ይያዙኝ።

ልምጣ? እግርሽ ላይ ልውደቅ? ምን ልሁን? አንድ ቃል ጻፊልኝ። እርግማንም ቢሆን።

ሲሳይ


ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከካምፕ

ሲሳይ፤

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብሁት። አልቀደድሁትም።

«አልፈርድብህም» ብዬ አልጽፍልህም፤ ፈርጄብሃለሁ። ያነበብሁት ቀን ብትመጣ ኖሮ ምን አደርግህ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ሁለት ቀን በሩን ዘግቼ ስረግምህ ሰነበትሁ። በሦስተኛው ቀን ግን የራሴ ነገር መጣብኝ። አንተ የሰማኸውን ደብቀሃል። እኔ ምን እንዳደረግሁ ደግሞ ስማ።

ከፋሲካ በፊት ነው መብላት ያቆመችው። የላክኸውን ብስኩት በእጇ ይዛ ስታየው ዋለች እንጂ አልቀመሰችውም። ሆዷን እያለች ትጠማዘዛለች፣ ሆድ ድርቀት ያዛት፣ ከዚያ ንግግሯ ቀነሰ። «ሽምብራዬ» የምትል ልጅ «ውኃ» ማለት ጠፋት። ለዚህ ነው «ዝም ብላ መቀመጥ ለምዳለች» ብዬ የጻፍሁልህ። በግንቦት አጋማሽ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኋት። ትዕበ የምትባል ነርስ አለች፣ የመቀሌ ልጅ ናት። የታች ከንፈሯን ገልጣ ድዷን አየች፤ ጥርሶቿ ሥር እንደ እስክርቢቶ ያለ ሰማያዊ መስመር ነበር፤ እኔ ዕለት ዕለት አፏን እያጠብሁ አላየሁትም። ዞራ የኔን እጅ አየች። «ቤት ውስጥ ምንድን ነው የምታቃጥይው?» አለችኝ። «ከሰል» አልኋት። «ሌላስ?» አለችኝ። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ። «ተናኘ፣ ሌላስ?»

ነገርኋት። «ዛሬ አቁሚ» አለችኝ። «መድኃኒቱ እኛ ዘንድ የለም፣ መመርመሪያውም የለም። በእጅሽ ያለው መድኃኒት ማቆም ብቻ ነው።»

ይኸውልህ፣ ያን ቀን አወቅሁ። አሥራ አንዱን ከላክሁልህ ሳምንትም አልሞላውም ነበር፤ እነዚያን ስሠራ ግን አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አቅልጫለሁ። ያንተን ደብዳቤ፣ የሶፎኒያስን ዳቦ፣ በልቤ ይዤ። አንተን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። እህሉ ግማሽ ተደርጎብን ነበር፣ ከማባበያው የምናገኘው ባይኖር አንበላም ነበር። ደግሞ፣ ይኼን ለማንም አልተናገርሁትም፣ ሥራውን እወደው ነበር። እጄ ሲያሥር እኔ እኔን እሆን ነበር። «በሩን ከፍቼ፣ እሷን መብርሂት ቤት አስቀምጬ፣ ትንሽ ብቻ» አልሁ። ሁለቱን ጊዜ እንዲያ አደረግሁ። ሦስተኛውን ጊዜ መብርሂት አልነበረችም። ተኝታ ነበርና ነጠላ በአፍንጫዋ ላይ ጣል አደረግሁባት። ነጠላ፣ ሲሳይ።

እነዚያን አልላክሁልህም። ዓይናቸው አልተሣለም። ጉድጓድ ውስጥ ጥያቸዋለሁ።

በሰኔ መጨረሻ ማንቀጥቀጥ ጀመራት። ተኸስተ ይባረክ፣ ሽንኩርቱን ሜዳ ላይ አራግፎ ነው የጫነን። ገዳሪፍ ሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ነው ያደርነው፤ ውስጡ ከስንጃ በመጣ ቁስለኛ ተሞልቶ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም መጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ስንት ቀኑ እንደሆነ እንጃ። ትዕበ የጻፈችውን ወረቀት አነበበና አጠገቤ ቁጭ አለ። «የዚህ መድኃኒት አሁን በአገሩ ውስጥ የለም፣ እናቴ» አለኝ። ጎረምሳ ነው፣ እናቴ አለኝ። የሚያረጋጋ መርፌ ወጋት። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች። እጄን ይዛኝ ነበር፤ አውቃኝ ይሁን ሳታውቀኝ አላውቅም።

በረንዳው ላይ አጠገባችን ከስንጃ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ ስሟንም አልጠየቅኋት። የለበሰችው አንድ ቶብ፣ ያ የሱዳን ሴቶች ረጅም መጎናጸፊያ፣ ነበር፣ ሌላ የላትም። ከላይዋ ገፈፈችና ለመገነዣ ሰጠችኝ፤ እሷ በውስጥ ልብሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ክርስቲያኖች የሚቀበሩበት ቦታ ተኸስተና ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ቆፈሩላት። አንድ ቄስ ተገኝቶ ፈታት። ይኼው ነው። ስሟን ያልጻፍሁልህ ብጽፈው እውነት ስለሚሆንብኝ ነው።

ልምጣ ወይ ብለሃል። አትምጣ። ከመንገድ ቢወስዱህ የሚተርፈኝ ሰው የለም፤ እግሬ ላይ ብትወድቅም የማነሣበት ጉልበት አሁን የለኝም። ኒው ሀልፋ ሂድ። «ይያዙኝ» የምትለውን ግን ተው። እንደሱ ልትል አይገባህም፣ እኔም አይገባኝም። ስትደርስ ጻፍ። እመልስልሃለሁ፣ ቶሎ ግን አትጠብቀኝ።

አሁን የማላውቀው ሌላ ነገር አለ፣ ላንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ።

መብርሂት ከለቅሶው ሳምንት በኋላ መጣች። ባሏ የለም፣ ሦስት ልጆች አሏት። በር ላይ ያለውን ጆንያ አየችና «አስተምሪኝ» አለችኝ። አባረርኋት። ሌላ ቀን መጣች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ድዱን፣ ሰማያዊውን መስመር፣ ነጠላውን ሳይቀር። አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ «ከቤት አርቄ ነው የማቀልጠው፣ ልጆቹን አላስጠጋም» አለችኝ። «አይሆንም» አልኋት። «እንግዲያውስ ምን ላብላቸው?» አለችኝ። ጆንያውን ወስጄ ልቀብረው አስቤ ነበር፤ ብቀብረው ከተኸስተ ሌላ ታስመጣለች፣ ሳታውቅበትም ትሠራዋለች። ስለዚህ አስተማርኋት። ላዩ ላይ የሚወጣውን አመድ የት እንደምትቀብር፣ እጇን እንዴት እንደምትታጠብ፣ ያ ልብስ ቤት እንዳይገባ። በልጆቿ ስም አስምያታለሁ። እጇ ቀስ ይላል፣ ግን ጥሩ ታሥራለች። የሽማግሌውን አድራሻ ለተኸስተ ነግሬዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ከካምፑ ውጭ ጉቶ ሥር ስታቀልጥ ሰነበተች፤ ጠባቂዎቹ ክረምት ስለሆነ አይናገሯትም። ከትናንት ጀምሮ ዝናቡ አላቆመም። ዛሬ ጠዋት ይኼን ደብዳቤ ስጀምር ቀና ስል ከቱኩሏ ጭስ ይወጣል።

ሮጥሁ። በሩን ገፋሁት። ቆርቆሮው ከሰል ላይ ነው፣ ልጆቹ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው። «መብርሂት!» አልኋት። ዞራ እንኳን አላየችኝም። «ውጭ አይነድልኝም» አለችኝ፣ «ተኸስተ ነገ ይመለሳል፣ ስድስት ይቀረኛል።» ልጮህባት አፌን ከፈትሁ፤ የምጮህባት በየትኛው አፌ ነው? ሦስቱንም ልጆች ብርድ ልብሱን አከናንቤ ወደኔ ቤት አመጣኋቸው። ፊታቸውንና እጃቸውን አጠብሁ። አልጋው ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ትንሹ ተኝቷል፣ ትልቁ ይህን ስጽፍ እጄን እያየ ነው። መካከለኛዋ ልጅ «እማ መቼ ነው የምትጨርሰው?» ትለኛለች።

«ዝናቡ ሲያባራ» አልኋት።

የነሐሴ ወር ገና ሃያ ቀን ይቀረዋል።

እህትህ ተናኘወርቅ